የሽኩር ቤት ውኃ

አባቴ የሰው ቤት ሲገባ አፉን የሚከፍተው በአንድ ነገር ነበር፤ «እስቲ ውኃ ስጡኝ» ይላል። በሽተኛው ያቃስታል፣ እናት እንባዋን ትጠርጋለች፣ ጎረቤት በሩን ሞልቶ ይቆማል፤ እሱ ግን የመድኃኒት ከረጢቱን ግድግዳ ሥር አኑሮ ውኃ ይጠብቃል። ውኃው ካልመጣ በሽተኛውን ቀና ብሎ አያይም። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴን የማይበርድ ጥም የተጠናወተው ሰው አድርጌ ነበር የማስበው፤ ለጓደኞቼም ጥሙን ከገዳሪፍ ይዞት እንደ መጣ አውርቻለሁ። ልጅ ሳለሁ የማላውቀውን ነገር በእርግጠኝነት መናገር አይከብደኝም ነበር። ልጆቼ አሁንም አልተሻለሽም ይሉኛል።

ስሙ ሸጋው ነው። ገዳሪፍ እንግሊዞች ዘንድ ስድስት ዓመት ታመርጂ ሆኖ ሠርቷል፤ ሱዳኖች ቁስል የሚያጥበውንም መርፌ የሚወጋውንም ታመርጂ ነው የሚሉት። መተማ ሲመለስ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ ሰዉ ሐኪም ሸጋው አለው። በእግሩ ከቤት ቤት ይዞራል። የሰሊጥ ነጋዴው ግቢ፣ የማሽላ ገበሬው ጎጆ፣ የእስላሙም የክርስቲያኑም ደጅ ለእሱ አንድ ነበር። በሁሉም ቤት ይጠጣል፤ በዚህም የደብሩ ሰዎች «እስላም ቤት ሲጠጣ ውሎ ቅዳሴ ይቆማል» ብለው አምተውታል። በየቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ፣ ማን ለማን እንደሚቀዳ፣ የማን አማት ዓይኗ እንደ ደከመ ያውቅ ነበር። ማታ ሲመለስ የዞረባቸው ቤቶች ሽታ አብሮት ይገባል፤ ጭስ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ የፍየል ቆዳ፣ የሕፃን ትውከት። እናቴ ነጠላውን ውጭ አራግፋ ነው የምታስገባው።

ውኃው የምርመራው መጀመሪያ እንደ ነበር የገባኝ፣ እኔ ራሴ ነርስ ሆኜ ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው። ውኃ ስጡኝ ሲል ማን ብድግ እንደሚል ያያል። የቤቲቱ እመቤት ከተነሣች ጉልበቷ ደኅና ነው። ትንሽ ልጅ ከተላከ እመቤቲቱ መነሣት አቅቷታል፣ ግን አልተናገረችም። ዚሩ፣ ያ በቆላ ቤት ሁሉ ጥላ ውስጥ የሚቆመው ትልቁ የውኃ ማሰሮ፣ ከደረቀ ደግሞ ውኃ ቀጂዋ ቢያንስ ከትናንት ጀምሮ ወድቃለች። ጣዕሙ ከኾሩ፣ ከመንደሩ ሥር ካለው ወንዝ፣ መቀዳቱን ወይም ከጉድጓድ መምጣቱን ይነግረዋል። አንድ ጣሳ ጠጥቶ ሲጨርስ ከማንም አንደበት የማያገኘውን አግኝቷል። እኔ ግን የማየው ማንቁርቱ ሲወጣና ሲወርድ ብቻ ነበር።

ጣሊያኖች መተማ በገቡ በዓመቱ ከገበያው በላይ ባለ ቆርቆሮ ሕክምና ቤት ሠሩ። ሐኪማቸውን ሰዉ ዶቶሬው ይለዋል። አባቴ አገሩንም በሽታውንም ስለሚያውቅ ተጠርቶ እዚያ ሥራ ያዘ፤ ተጠርቶ ስል እንቢ ማለት የሚቻልበት ጥሪ አልነበረም። ነጭ ጋዋንና ጫማ ሰጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ለቤት መዞር ቀረ። በሽተኛው ራሱ ይመጣል፣ በገመድ በታጠረ መንገድ ይሰለፋል፣ መስኮቱ ጋ ደርሶ ምላሱን ያወጣል፣ መድኃኒቱን ይቀበላል፣ ይሄዳል። የሕክምና ቤቱ ሠራተኛ መድኃኒት ይዞ የሰው ቤት መግባት ክልክል ነው። መድኃኒቱ በየቤቱ አድርጎ ጫካ ላሉት አርበኞች እንዳይደርስ ፈርተው ነው።

እናቴ ካሰች በዚህ ደስ አላት። ባሏ ጫማ አድርጎ ይወጣል፣ ጫማ እንዳደረገ ይመለሳል፤ እግሩን እሾህ አይወጋውም፤ ምሳውን በሰዓቱ ይበላል። እኔም ኮራሁ። ድሮ እሱ ወደ ሰው ይሄድ ነበር፤ አሁን ሰው ወደ እሱ ይመጣል፤ በእኔ ሚዛን ይህ ሹመት ነው። ሽታውም ተለወጠ፤ ልብሱ የሚሸተው አንድ ነገር፣ የወለል ማጠቢያ መድኃኒት ብቻ ሆነ። ደስ ያላለው እሱ ራሱ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ «በቀን ስድሳ ምላስ አያለሁ፤ የማን ምላስ እንደሆነ ግን አላውቅም» አላት እናቴን። እናቴ ወጥ ጨመረችለት። እኔ ስድሳ ምላስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ታየኝና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ችግሩ መጀመሪያ የመጣው ከሰልፉ ነው። የመተማ ሰው ለዳኛም ለግብርም ከቤቱ ጉልበትና አንደበት ያለውን ወክሎ መላክ ልማዱ ነበር። ለሕክምናውም እንደዚያው አደረገ። የታመመው ቤት ይተኛል፣ ጤነኛው ሰልፍ ይይዛል፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስም የላከውን ሰው ሕመም እንደ ራሱ አድርጎ ይናገራል። ያረጋል የሚባል ትከሻው በር የሚሞላ ገበሬ፣ ዶቶሬው ፊት ቆሞ «ጡቴ አብጦ ልጁ መጥባት አቃተው» ብሎ አቤት አለ። አስተርጓሚው አንድ ቃል ሳይቀንስ ተረጎመው። ዶቶሬው መጀመሪያ ሳቀ፤ ስቆ ሲያበቃ ያላገጡበት መስሎት ያረጋልን በአስካሪ ወታደር አስገፍትሮ አስወጣው። አባቴ ሊያስረዳ ቢሞክር የሚሰማው አላገኘም።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሕግ ወጣ። የታመመው ራሱ እንጂ ወኪል አይታይም። የንዳዱ መድኃኒት ኪኒን ደግሞ እዚያው መስኮቱ ፊት ይዋጣል እንጂ ወደ ቤት አይወሰድም። ሰዉ ከሕጉ የተማረው ወኪል መላክን መተው አልነበረም፤ ወኪልነቱን መደበቅ ነው። ስለዚህ በዚያ የወባ ወራት ስንቱ ጤነኛ በሌላ ሰው ንዳድ ሰልፍ ይዞ የሌላውን ሰው ኪኒን እየዋጠ እንደ ተመለሰ እግዜር ይወቀው።

ጋሽ ሽኩር የሰሊጥና የሙጫ ነጋዴ ናቸው። የእነሱን ቤት ከእኛ ቤት የሚለየው አንድ የኩርኩራ ዛፍ ብቻ ነበር። ልጃቸው ኩብራ ጓደኛዬ ናት፤ ኩርኩራውን እኩል ተካፍለን ነበር የምንለቅመው፣ ፀሐይ መውጫውን እሷ፣ መጥለቂያውን እኔ። በኅዳር ፲፱፻፴ ለአባቴ ምሳ ይዤ ስሄድ ጋሽ ሽኩርን ሰልፉ ውስጥ አየኋቸው። እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ገበያው አዞሩ። ተራቸው ሲደርስ ንዳድ እንደ ያዛቸው ተናገሩ። አባቴ ግንባራቸውን ነካና ሁለት ኪኒን ሰጣቸው። በውኃ አወራረዱት። ያን ጊዜ ዶቶሬው ከኋላ ሆኖ አንድ ነገር ተናገረ። አባቴ ያልሰማ መሰለ። ዶቶሬው ደገመው።

አባቴ በሁለት ጣቱ የጋሽ ሽኩርን አፍ ከፈተ። ከምላሳቸው ሥር አንዲት ነጭ ኪኒን አወጣና መልሶ አስዋጣቸው። ሰልፉ በሙሉ ያያል። ጋሽ ሽኩር አርባ ግመል የሚያስጭኑ፣ በገበያ ሲያልፉ ሰው ከተቀመጠበት የሚነሣላቸው ሰው ነበሩ። አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠርገው፣ ማንንም ሳያዩ፣ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ሄዱ። አባቴ ምሳውን ሳይነካ መለሰልኝ።

ማታ ለእናቴ «ሽኩር አንዷን ደብቆ ሊወስዳት ነበር» ሲላት ሰማሁ። የቀረውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ተናገረ አልሰማሁትም፤ ለእኔ ግን ይኸው ይበቃል። የሰፈር ልጆች ኪኒን ከኾሩ ማዶ፣ ሱዳን ገላባት ላይ ይሸጣል ሲሉ ሰምቼ ስለ ነበር ጋሽ ሽኩርን ሌባ አድርጌ ጨረስሁ። በማግሥቱ ኩብራ ኩርኩራው ሥር ጠብቃ «አባትሽ የአባቴን አፍ እንደ በቅሎ ከፍቶ አየው» አለችኝ። «አባትሽ ሌባ ስለሆነ ነው» አልኋት። ፀጉር ተያያዝን። ስንላቀቅ የእነሱን ደጅ ዳግመኛ ላልረግጥ ማልሁ፤ መሐላዬንም እሷ እንድትሰማ ጮክ አድርጌ ነው የማልሁት።

አባቴ ውኃ የሚጠጣለት ሰው የፈለገው በዚያው ሰሞን ነበር። ያ ሰው እኔ ሆንሁ። ሰልፍ ላይ ያየው ሰው ነገር ካልጣመው፣ ምሳ ሲበላ «አገኘሽ፣ እነ እገሌ ቤት ሂጂና ውኃ ጠጥተሽ ነይ» ይለኛል። ስመለስ ይጠይቀኛል። ማን ሰጠሽ? በምን ሰጠሽ? ዚሩ እስከ የት ድረስ ነበረው? እነ አየሁሽ ቤት የሄድሁ ቀን የአምስት ዓመት ልጇ በተሸነቆረ ቅል አመጣልኝና ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ። በልጁ እየሳቅሁ ይህን ስነግረው አባቴ መብላቱን አቆመ። የአየሁሽን ባል ጠርቶ በቃሬዛ ተሸክመህ አምጣት አለው፤ ባልየው አመጣት፤ ዳነችም። እኔ የተሸነቆረ ቅልና ቃሬዛ ምን እንዳገናኛቸው አልጠየቅሁም።

ለእኔ ነገሩ ልመና ነበር። ከደጅ ደጅ እየዞርሁ ውኃ የምጠይቀው የሐኪም ልጅ ሆኜ ነው፤ ቤታችን ዚር እንደሌለ። እናቴም «ልጄን ለማኝ አደረግሃት» ስትለው ሰምቻለሁ። እሱም መለሰላት። «እኔ መግባት የምችለው አንድ ጊዜ ነው ካሰች። ያለ ነገር ገብቼ ከያዙኝ ለሚቀጥለው ሰው አልተርፍም። ማን ቤት እንደምገባ አውቄ ልግባ።» ሁለቱንም ሰምቼ ነበር፤ በልቤ የያዝሁት ግን የእናቴን ነው።

ጋሽ ሽኩር በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ፣ ዋጡ፣ ሄዱ። አባቴን ከመስኮቱ በቀር አያናግሩትም። በዚያ ቀን ምሳ ላይ አባቴ እነ ሽኩር ቤት ሂጂ አለኝ። ወጣሁ። አጥራችንን ዞርሁና ከኋላው ቁጢጥ አልሁ። የጉንዳን መንገድ በጣቴ እያቋረጥሁ ትንሽ ቆየሁና ተመለስሁ።

«ማን ሰጠሽ?» አለኝ።

«እትዬ መጂዳ።»

«ራሷ ተነሥታ?»

«ራሳቸው። በጣሳ ሰጡኝ። ዚሩም ሙሉ ነው።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እፎይ ያለ መሰለኝ፤ አሁን ሳስበው በእርግጥም እፎይ ብሎ ነበር። የጋሽ ሽኩር ባለቤት እትዬ መጂዳ የሰባት ወር እርጉዝ መሆናቸውን እሱ ያውቃል። ወባ እርጉዝ ላይ ምን እንደሚሠራም ያውቃል። እኔ የማውቀው እትዬ መጂዳ መወፈራቸውን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ጋሽ ሽኩር እንደገና ሰልፍ ያዙ። ስማቸው ሲጠራ አልሰሙም፤ ከኋላቸው ያለው ሰው ነው ወደ መስኮቱ የገፋቸው። ይህን ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ አባቴ ምሳ ላይ ሲያወራ ነው የሰማሁት። ኪኒን የበዛበት ሰው ጆሮው ይጮኻል፣ ይደነቁራል። ንዳድ የሌለበት ሰው ጆሮው እስኪደነቁር የሚውጠው፣ ከምላሱ ሥር አንዲቷን ለማትረፍ እየሞከረ እንደሆነ ዛሬ ማንም ይረዳዋል። አባቴም ያኔውኑ ተረድቶት ነበር፤ ያጣው ለማን እንደሆነ ነው። ዚሩ ሙሉ ነው፣ እመቤቲቱ ቆማ ትሄዳለች ብዬዋለሁ። የቆረሰውን እንጀራ መልሶ አኖረና «አንድ ጊዜ ደግሞ ሂጂ። ዛሬ ደኅና አድርገሽ እዪ» አለኝ።

ኩርኩራው ሥር ሄጄ ተቀመጥሁ። በቀኑ ሙቀት አፈሩ እግር አላስቀምጥ ብሏል፤ ከአውድማው የተከመረው ሰሊጥ ሽታ ይመጣል። በኩብራ በኩል ያለውን ኩርኩራ፣ የእኔ ያልሆነውን፣ እየለቀምሁ በላሁ። የእነሱ በር ገርበብ ብሏል። ዚሩ ዳሱ ሥር ተደፍቶ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ኩብራ ከኾሩ በኩል ብቅ አለች። እንስራ አዝላለች፤ እናቷ የምታዝለውን፣ ከእሷ የማይተናነሰውን እንስራ። አሥር እርምጃ ትራመድና ታወርደዋለች፣ ደግሞ አሥር ትራመዳለች። ቀሚሷ ርሷል፣ ፊቷም እንደዚያው። እኔ እዚያው እንደ ተቀመጥሁ እሰይ አልሁ። አባቴ ደኅና አድርገሽ እዪ ያለኝን በሙሉ ዓይኔ አይቶታል፤ የሐኪም ልጅ ሆኜ ያየሁትን አላወቅሁም።

ቤት ስገባ አባቴ አልተነሣም ነበር። ሳይጠይቀኝ ጀመርሁ። እትዬ መጂዳ እንደ ሰጡኝ፣ ውኃው ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ እንደ ሳቁ፣ እናትሽን ሰላም በያት እንዳሉኝ ነገርሁት። ውሸት ሲደገም ያምራል። እየተናገርሁ ጣሳችንን አነሣሁና ከዚራችን ቀዳሁ። አንዱን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥሁት። ሁለተኛውን ቀዳሁና እሱንም ጨለጥሁ። ኩርኩራው ጉሮሮዬን አድርቆት ነበር።

«ጠምቶሽ ነበር?» አለኝ።

«አዎ። ፀሐዩ ነው» አልሁት።

አባቴ ጣሳውን አየ፣ እኔን አየ። አልተቆጣም። እጁን ታጠበ። ከአልጋው ሥር ከገዳሪፍ ያመጣትን የቆርቆሮ ሣጥን አወጣ፤ የራሱ ኪኒን የቀረው በእሷ ነበር። እናቴ «ሸጋው» ብላ በሩ ላይ ቆመች። እሱ በጎኗ አልፎ ወጣ። ጋዋኑን እንኳ አላወለቀም፤ በእኩለ ቀን፣ ነጭ ለብሶ፣ አስካሪዎቹ በሚቀመጡበት ጥላ ፊት ለፊት አልፎ ጋሽ ሽኩር ግቢ ገባ። የሌባውን ቤት ሊፈትሽ የሄደ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ሰማሁ። ውኃ ስጡኝ ሲል አልሰማሁም።

እስኪመሽ አልወጣም። በማግሥቱም በምሳ ሰዓት ገባ፣ በሦስተኛውም ቀን። በሦስተኛው ቀን ሲወጣ ሁለት አስካሪዎች ደጃፉ ላይ ጠበቁት። ጋዋኑን እዚያው አስወለቁትና አንደኛው አጣጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ሰዉ ሲያወራ የሰማሁት ይህ ነው፦ ሐኪም ሸጋው በነጋዴ ቤት በኩል ለሽፍታ ኪኒን ያሳልፋል ተብሏል፣ ወደ ጎንደር ይወስዱታል። እትዬ መጂዳ ተረፉ። ሕፃኑ ግን ሞቶ ተወለደ፤ ወንድ ነበር። ከኩርኩራው ማዶ ለቅሶ ሲሰማ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሄደች፣ እኔ አልሄድሁም።

አባቴን ያሳሰሩት ጋሽ ሽኩር ናቸው ብዬ ነበር የማምነው። አፋቸውን ስለ ከፈተ ተበቀሉት፤ ነገሩ ለእኔ ቀላል ነበር። በየወሩ አንድ ጆንያ ማሽላ በግመል ነጂ ሲልኩልን ሕሊናቸው ቆጥቁጧቸው ነው አልሁ። ከዚያ ማሽላ የተጋገረ አልበላም ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ጾሜያለሁ፤ በሁለተኛው ቀን ረኃቡ አሳመነኝ። ኩብራ ኩርኩራው ሥር ሁለት ሦስት ጊዜ መጥታ ቆማለች። አንድ ቀን እፍኝ ሙሉ ለቅማ በእኔ በኩል አስቀምጣልኝ ሄደች። በእግሬ በተንሁት።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። እኔም በተራዬ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጬ ሠላሳ ዓመት ምላስ አየሁ። አንድ ቀን እምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት አሮጊት ተደግፈው ገቡ። ካርዱን ሳነብ እትዬ መጂዳ ናቸው። እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ስለ አባቴ አነሡ፤ የማውቅ መስሏቸው፣ እግረ መንገዳቸውን።

«አባትሽ የዚያን ለት ሲገባ ውኃ አልለመነም» አሉኝ። «ከበሩ ላይ ሆኖ ‹ልጄ ትናንትና ዛሬ መጥታ ነበር?› አለ። ኧረ ማንም አልመጣ አልሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ‹የዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በዪኝ› አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም፤ ንዳዱ አናቴ ላይ ነበር። እኔስ ከወንድ ጋር ተሰልፌ፣ ያን ሆድ ይዤ፣ ወታደር ፊት ምላሴን አላወጣም ብዬ ሽኩርን ስልክ ቆይቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። አባትሽ ምን አጠፋ?»

የደም ግፊታቸውን ለካሁ። ሁለት ጊዜ ለካሁት፤ መጀመሪያ ያየሁትን ቁጥር ወዲያው ረስቼው ነበር። የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ አባቴ ያንኑ ዕለት ይገባ ነበር። በአንድ ቀን ሕፃኑ ይተርፍ ነበር ወይ? የተማርሁት መልስ አይታወቅም የሚል ነው። ለስንት እናት ይህን ስናገር ኖሬያለሁ፤ እውነት ነው፤ ግን አያሳርፍም። እነግርዎታለሁ ብዬ አፌን ከፈትሁ፤ እሳቸው ግን ስለ ጉልበታቸው ሕመም ማውራት ጀምረው ነበር። አፈርሁ፤ ዝም አልሁ። የአባቴም ዝምታ ያን ጊዜ ነው የከበደኝ። እስኪሞት ድረስ ለእናቴም፣ ለጋሽ ሽኩርም፣ ለእኔም አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አንድ ነገር ብቻ ጠይቆኛል። እሱም ከእስር የተመለሰ ቀን ነው።

አሥር ወር ታስሮ በመስከረም ፲፱፻፴፩ ለቀቁት። ከጎንደር የመጡ ነጋዴዎች መንገድ ላይ እንዳለፉት ማለዳ ነገሩን። እናቴ ሦስት ቀን ተኝታ ነበር፤ ንዳዱ አንዴ ያቃጥላታል፣ አንዴ ያንቀጠቅጣታል። አባቴ ይመጣል ስትባል ልነሣ ብላ ግድግዳውን ያዘች፣ ጉልበቷ ከዳትና መልሳ ተቀመጠች። ከዚያም ጠራችኝ። አባትሽ ሲገባ ገበያ ሄዳለች በዪው፣ ትንሽ ሲሻለኝ ፊቴን ታጥቤ እነሣለሁ፣ ከእስር ቤት ወጥቶ በሽተኛ አይቀበለው አለችኝ። እሺ አልኋት። ውሸት እንደሚዋጣልኝ ሳታውቅ አልቀረችም።

እኩለ ቀን ላይ ገባ። ፀጉሩን ተላጭቷል፣ ከፊት ሁለት ጥርሱ የለም፣ በባዶ እግሩ ነው። እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ አነሣኝና ሳመኝ። የወለል ማጠቢያው ሽታ ለቆታል። ዓይኑን በቤቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ አዟዟረና በሩ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

«እስቲ ውኃ ስጡኝ» አለ።

በገዛ ቤቱ እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር። ሲጠማው ተነሥቶ ራሱ ነው የሚቀዳው። እኔ ይህን ያን ጊዜ አላስተዋልሁትም፤ ሰውነቱ ስለ ደከመ ነው ብዬ ነው የሮጥሁት። ዚሩ ሥር ሥሩን ነበር የቀረው፤ በሁለት እጄ አዘንብዬ ግማሽ ጣሳ ቀዳሁለት። ጭቃ ጭቃ ይላል። እሱ ጠጣው። ቀስ ብሎ፣ እስከ መጨረሻው።

«ማን ቀዳው?» አለኝ።

«እኔ። ከኾሩ።»

«እናትሽስ?»

ገበያ ልለው አፌን ከፈትሁ። ቃሉ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። አባቴ ጣሳውን ይዞ ይጠብቃል፤ አያቻኩለኝም። ከኋላው በበሩ በኩል ኩርኩራው ይታየኛል፣ ሥሩም ኩብራ ብቻዋን ቆማ ወደ እኛ ቤት ታያለች። ያ እንስራ ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አሥር እርምጃ እየሄደች ስታወርደው ትዝ አለኝ።

«ተኝታለች» አልሁት። «ሦስት ቀኗ ነው። ያንቀጠቅጣታል። እንዳልናገር ብላኛለች።»

ጣሳውን መሬት ላይ አኖረ። ከዱካው ተነሣ። ወደ ጓዳው ሊገባ ሲል መለስ ብሎ ጎንበስ አለና ፊቴን በቅርብ አየኝ።

«አንቺስ? ጠምቶሻል?» አለኝ።

«አልጠማኝም» አልሁት።

እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ እናቴ ገባ።